የክላይቭ አፖሊስ ዝልግልግ

ክላይቭ አፖሊስ ከትራፊክ ፖሊስነት ጡረታ ሲወጣ መለዮውን አስረከበ፤ ፊሽካውንም አስረከበ፤ ጣቱን ግን ማንም አስረክብ አላለውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወደብ ከተማዋ በሳይመንስ ታውን መንገድ ላይ መኪና እያስቆመ «አንተ ፍጥነት ነህ፣ አንተ ደግሞ ያልታሰረ ጭነት ነህ» እያለ ሰውን በጥፋቱ ሲጠራ የኖረው ያ ጣት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነለትም። ስለዚህ ወደ ባሕር ወረደ።

የእሑድ ጠላቂዎች የሚባል ትንሽ ማኅበር ነበር። መካኒኩም፣ አስተማሪውም፣ ፀጉር ሠሪዋም እሑድ ጠዋት የጎማ ልብሳቸውን ታግለው ይለብሳሉ፤ የአየር ሲሊንደራቸውን ያዝላሉ፤ ከዚያ በጀልባ ማውረጃው ላይ እንደ ዳክዬ እየተንጋደዱ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ያየ ሰው ውሃው አሳዝኖት እንጂ እነሱ አሳዝነውት አያውቅም። ታች ከገቡ በኋላ ግን ሌላ ሰው ናቸው። በተለይ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ነፋሱ ረግቶ ውሃው ሲሞቅና ሲጠራ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዝልግልግ ሁሉ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። እንደ መስታወት ጃንጥላ የሚከፈት አለ፤ እንደ አምፖል ሰንሰለት ተያይዞ የሚሄድ አለ፤ ጎኑ ላይ ቀስተ ደመና የሚሯሯጥበት፣ ለመያዝ ሲሞክሩት ግን በእጅ ላይ ውሃ ሆኖ የሚቀር አለ።

ውሃ ውስጥ አይወራም። ስለዚህ ሁሉም ጥያቄውን አፉ ውስጥ ይዞ ይወጣና ገና መነጽሩን ሳያወልቅ «አጎት ክላይቭ፣ ያ ምን ነበር?» ይላል። ክላይቭም ይመልሳል። ሁልጊዜ ይመልሳል። የማያውቀው ነገር ሲያጋጥመው ለእሱ ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወይ ጠያቂው በደንብ አላየም፣ ወይ ነገሩ ለዓለም አዲስ ነው። ሦስተኛው መንገድ፣ ክላይቭ አያውቅም የሚለው፣ ለትራፊክ ዝግ ነበር።

ከመልሱ የሚብስበት ደግሞ ደንቡ ነው። «አትንኩ! አትቁረጡ! አታውጡ! ይሄ ክልል የተጠበቀ ነው!» ደንቡን ለማኅበሩ ያረቀቀው እሱ ነው፤ ቅጣቱንም እንደዚያው። አንድ ጊዜ አስተማሪው ባዶ ቀንድ አውጣ በኪሱ ይዞ ሲወጣ እንዲመልሰው ከነሲሊንደሩ ወደ ውሃው ልኮታል።

የፋሲካው ሳምንት ሊገባ ሲል በነበረው እሑድ፣ ከዛፍ በሚረዝመው የባሕር አረም መካከል አንድ ነገር ተጠላልፎ አዩ። ርዝመቱ የአንድ ጎልማሳ ቁመት፣ ውፍረቱ የሰው ጭን ያህል ነው። እንደ ቀዘቀዘ የአጥንት መረቅ ይንቀጠቀጣል፤ ወዲያ ማዶው በውስጡ ይታያል። በክር የተሰካ የሚመስል ሮዝ ዶቃ በውስጡ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ተጠምጥሟል። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ እግር የለው። ክላይቭ ፊት ለፊቱ ቆሞ ትንፋሹን ረሳ። ለጠላቂ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሺሪን ፎርቹን፣ ያቺ ፀጉር ሠሪ፣ ካሜራዋን አውጥታ አነሣችው። ባነሣችው ፎቶ ሁሉ ላይ የክላይቭ ጣት አለበት።

ከውሃ ሲወጡ፣ «አጎት ክላይቭ፣ ያ ምንድን ነው?» አለች።

ክላይቭ ጓንቱን በቀስታ አወለቀ። «ፓይሮሶም። አንድ ፍጥረት እንዳይመስልሽ፤ ሺህ ትናንሽ ፍጥረት በአንድ ካፖርት ውስጥ ተሰብስቦ ነው የሚኖረው።»

«ባለፈው ዓመት ያሳዩን ፓይሮሶም ጫፉ ክፍት ነበር እኮ።»

«ይሄኛው ይዘጋዋል።»

«ሮዝስ ይሆናል እንዴ?»

«እሱ ነው ቁም ነገሩ!» አለና ጣቱን ወደ ላይ አቀና። «ሮዝ ፓይሮሶም የለም። የለም ማለት ምን ማለት ነው? አዲስ ማለት ነው!»

መካኒኩ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አስተማሪው አጨበጨበ። ሚስቱ ዮላንዴ እንደ ወትሮዋ ፒክአፑ ውስጥ ቴርሞሷን ታቅፋ ተቀምጣለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «እና ማን ልትለው ነው አለቃዬ?» አለችው። ለቀልድ ነበር የጠየቀችው። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበም።

ነገሩ ሥር አለው። የክላይቭ አያት ቤት የነበረው ሳይመንስ ታውን ውስጥ ነው፤ ከወደቡ በላይ፣ ዳገቱ ላይ። ክላይቭ ገና ልጅ እያለ ሰፈሩ የነጮች ብቻ ነው ተባለ፤ አልጋቸውና ድስታቸው በከባድ መኪና ተጭኖ ከተራራው ጀርባ ተራገፈ። አዲሱን ሰፈር «ኦሽን ቪው» አሉት፤ የባሕር እይታ ማለት ነው። ስም አውጪው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ከአፖሊሶች መስኮት የሚታየው የጎረቤት ልብስ ማስጫ ነበር። ክላይቭ አድጎ በዚያው በተነሡበት ከተማ መንገድ ላይ ትራፊክ ሆኖ ሲቆም፣ እያንዳንዱ ጎዳና በአንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ስም፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ በአንድ ነጭ መስፍን ስም ተሰይሞ ነበር። በአንድ ድንጋይ ላይ እንኳ አፖሊስ የሚል የለም። ወልዶ እንዳያስጠራም እሱና ዮላንዴ ልጅ አላገኙም። እንግዲህ ባሕሩ ውስጥ፣ ዳር ላይ ሳይሆን ራሱ ባሕሩ ውስጥ፣ አፖሊስ የሚባል ፍጥረት ቢኖርስ?

ሺሪን ፎቶውን የዓለም ጠላቂዎች ሁሉ ያዩትን በሚጠያየቁበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለጠፈችው። መልሱ ዘነበ። አንዱ «ፕላስቲክ ነው» አለ። አንዱ «የዓሣ ነባሪ አንጀት» አለ። አንዷ ደግሞ ስለ ነገሩ ትታ «የማን ጣት ነው?» ብላ ጠየቀች። አንድ ፖርቹጋላዊ ግን «እንቁላል ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ።

«እንቁላል!» አለ ክላይቭ ከሺሪን ስልክ ላይ እያነበበ። «የሰው ቁመት የሚያህል እንቁላል! ዶሮዋ ታዲያ የት አለች?»

«አንድ እንቁላል አላለም፤ ብዙ ነው የሚለው አጎቴ።»

«ፖርቹጋል ሆኖ የኔን ባሕር ያያል?»

ክላይቭ ለሙዚየምም ጻፈ። የባሕር ፍጥረታት ተመራማሪዋ ዶክተር ኖምቩዮ ንጎዛ በማግሥቱ መለሰችለት፦ ደስ የሚል ፎቶ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ከፎቶ ብቻ መናገር አልችልም፤ ናሙና ሳይታይ ስም አይሰጥም፤ ቦታው የተጠበቀ ክልል ስለሆነ ግን ያለ ፈቃድ እባክዎ ምንም እንዳያወጡ፤ እኔ ፈቃድ ይዤ እመጣለሁ። ክላይቭ «ናሙና ሳይታይ ስም አይሰጥም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከእሱ በታች ያለውን ያነበበው እንቅልፍ እንደሚያመጣ ስብከት ነው፤ ዓይኑ አለፈበት፣ ልቡ ግን ተኝቶ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሺሪንን ይዟት ወረደ፤ ብቻን መጥለቅ ክልክል ነውና ደንብ ያከብራል። ነገሩ ከአረሙ እንደተጠላለፈ ነበር፤ አሁን ግን ጫፍ ጫፉ ሳስቷል፤ ሮዙም ወደ ቡናማ ጠቁሯል። ክላይቭ ከጭኑ ላይ ካሰረው ሰገባ ቢላዋውን ሲመዝ የሺሪን ዓይን መነጽሯ ውስጥ ሰፋ። ጣቷን አንሥታ ወዲያ ወዲህ አወዛወዘችበት፤ አትንኩ ማለት ነው፤ ምልክቱን ያስተማራት እሱ ነው። ክላይቭ እጇን በትሕትና ወደ ጎን አድርጎ የክንድ ያህል ቆረጠና በውሃ የተሞላ ከረጢት ውስጥ ከተተው።

«አጎቴ፣ ምነው?» አለችው ከውሃ ሲወጡ። «እኛን በባዶ ቀንድ አውጣ ወደ ውሃ ሲመልሱን አልነበር እንዴ?»

«ደንብ የወጣው ለማያውቅ ሰው ነው ሺሪን። እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።»

ኦሽን ቪው ወዳለው ቤቱ ወስዶ ባኞ ውስጥ አስገባው። ከባሕር በጀሪካን ውሃ አመላለሰ፤ የአየር መንፊያ ገዝቶ ሰካበት፤ በበረዶ የተሞሉ የለስላሳ ጠርሙሶች አንሳፈፈበት። ዮላንዴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«ሰው ባኞ ውስጥ ይታጠባል» አለች።

«ለሳይንስ ነው ዮሊ።»

«ሳይንስ የራሱ ቤት የለውም?»

«ለጥቂት ቀን ነው።»

«ዓርብ ዘመዶችህ ከፓርል ይመጣሉ። ማግሪታን በሳፋ ላጥባት?»

ማግሪታ የክላይቭ ታላቅ እህት ናት፤ በሳፋ የምትበቃ ሴት አልነበረችም። ክላይቭ ግን አልሰማም። ተንበርክኮ ነገሩን ያየዋል። ዶቃዎቹ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ነጥብ የሚል ነገር ታይቶታል፤ እሱንም ወዲያው ለየው፤ «የየአንዳንዳቸው ልብ ነው» አለ። እውነትም ከዚህ በላይ የተሳሳተባቸው ጊዜያት ነበሩ።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠራው። ጋዜጠኛው ስለ ፍጥረቱ በአድናቆት ሲሰማ ቆየና፣ «አቶ አፖሊስ፣ ሕዝቡ ማወቅ የሚፈልገውን ልጠይቅዎት» አለ፤ «ይበላል?»

«አይበላም! ስሙ የአፖሊስ ፓይሮሶም ይባላል።»

«እና ጥቅሙ?»

ክላይቭ ትንሽ አሰበና፣ «መታወቁ» አለ።

ቤት ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። ዶክተር ኖምቩዮ ነበረች። በሕዝቧ ልማድ ትልቅ ሰውን እንደ አባት ስለምትጠራ ቁጣዋም ውስጥ አክብሮት አለ። «ታታ፣ እንዳያወጡት ብዬ ጽፌልዎት አልነበረም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ዋናውን።»

«አሁን የት ነው ያለው?» አለች።

«ባኞ ውስጥ። በጣም ተመችቶታል።»

«ነገ ስቅለት ቢሆንም እመጣለሁ። ታታ፣ እባክዎ እስከዚያ ምንም አይቁረጡ።»

ክላይቭ የሰማው ነገ እመጣለሁ የሚለውን ነው። ዘመዶቹ ባሉበት፣ ከሙዚየም በመጣች ዶክተር አፍ ስሙ ሊጠራ ነው! ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ።

ስቅለት ዕለት ቤቱ ሞላ። ማግሪታ መጣች፤ አፉ የማያርፈው የአጎታቸው ልጅ ጋርት መጣ፤ ሺሪንም አኩርፋ ብትሰነብትም ዮላንዴ ጠርታት መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዮላንዴ በኮምጣጤና በቅመም ቀናት ያሳደረችው ዓሣ በትልቅ ባልዲ ቀርቧል፤ የመስቀል ምልክት ያለበት ዳቦ ተቆልሏል። ዶክተር ኖምቩዮ የመጣችው በስኒከር፣ ጀርባዋ ላይ የምርመራ ዕቃ አዝላ ነበር። ክላይቭ ከጠበቃት በዕድሜ አነሰችበት።

«በመጀመሪያ ልየው» አለች።

«በመጀመሪያ ይበላል» አለ ክላይቭ። «ቤታችን መጥቶ ሳይበላ ወደ ባኞ ያለፈ ሰው የለም።»

«ማግሪታ አለፈች» አለች ዮላንዴ፤ እውነትም የማግሪታ ወንበር ባዶ ነበር።

ክላይቭ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ። ተነሣ። «ወገኖቼ» አለ፤ «አባቶቻችን ከባሕሩ ዳር ተነሥተው ወደዚህ ሲጣሉ፣ ስማችንም አብሮ ተነሣ። ዛሬ ግን ባሕሩ ራሱ...»

ከባኞ ቤት ጩኸት ተሰማ። ማግሪታ ድምፅዋ የመዘምራን ነው፤ መስኮቱ ተርገበገበ።

«ዓይን አላቸው! ጌታ ሆይ፣ ዓይን አላቸው!»

ሁሉም ተጋፍቶ ገባ። ዝልግልጉ እንደ ረጠበ ስስ ወረቀት ተንጣሎ ተንሳፏል፤ ዶቃዎቹ ባዶ ናቸው። ባኞው ግን ሞልቷል። የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ቀያይ ነፍሳት፣ የትየለሌ፣ እመር እመር እያሉ ይዘላሉ። እያንዳንዳቸው ከገላቸው የማይመጣጠን ሁለት ትልልቅ ዓይን አላቸው። ቂጣቸው ይሁን አፋቸው በማይለይ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ እጆች ተንጨባረዋል።

ዶክተር ኖምቩዮ ተንበርክካ በጠብታ መሳቢያ ጥቂት አነሣችና በማጉያ መነጽር አየች። ብዙ አላመነታችም፤ ፊቷ በራ።

«ይፈለፈላሉ!» አለች። «ታታ፣ እንቁላል ነበር። የስኩዊድ እንቁላል።»

«የምን?»

«ስኩዊድ። ያ ባለ ብዙ እጁ የባሕር ፍጥረት፤ የቾካ ዘመድ ነው፤ ግን ከጥልቅ ባሕር የሚመጣ ትልቁ ዓይነት ይመስለኛል። እንቁላሏን በዝልግልግ ጠቅልላ ትለቀዋለች። እኔም በሕይወቴ ሲፈለፈል አይቼ አላውቅም!»

ቾካ የሚሉትን ትንሹን ስኩዊድ በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት ከረጢት ሙሉ ቾካ አለ፤ ክላይቭ ከልጅነቱ ጀምሮ እየቆራረጠ መንጠቆ ላይ ሲሰካው የኖረ ነው።

ጋርት ግድግዳውን ተደግፎ፣ «እንግዲህ» አለ፤ «አፖሊስ ማለት የዓሣ ማጥመጃ ምግብ ማለት ነው።»

ሳቁ ከባኞ ቤቱ ጀመረና ኮሪደሩን አልፎ ወጥ ቤት ደረሰ። ማግሪታ እንኳ ደረቷን ይዛ ሳቀች። ክላይቭ በተተኮሰው ሸሚዙ ቆሞ ነበር። ጣቱ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ሺሪን ለመሳቅ ብዙ ምክንያት ነበራት፤ ግን ፊቱን ስታይ አልቻለችም።

ዮላንዴ ግን የባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታይ ነበር። «ይገርማል» አለች፤ «ያን ሁሉ ዓመት እግዜርን ጉልበታችን እስኪላጥ አንድ፣ አንድ ብቻ ስጠን ብለን ስንለምነው ዝም አለን። ዛሬ በጅምላ ባኞ ውስጥ አፈሰሰው።»

ያኔ ሳቁ ቆመ። እሷ ራሷ ለማሳቅ ብላ ነበር የተናገረችው። ክላይቭ ሊያያት ፈለገና አልቻለም። ከዚያ ዮላንዴ አጎንብሳ ወደ ውሃው ቀረበች።

«እነዚህኞቹ ለምንድን ነው የማይዘሉት?»

ከታች፣ ነጩ ባኞ ወለል ላይ፣ ጥቂቶቹ ተኝተው ነበር።

«እየሞቱ ነው» አለች ዶክተሯ። «ብዙ ናቸው፤ ውሃው አይበቃቸውም። እዚህ አያድሩም።»

«ታዲያ ቆማችሁ ምን ታያላችሁ?» ዮላንዴ ተነሣች። «ጋርት፣ አፍህን ዝጋና ባልዲ አምጣ! ማግሪታ፣ ዓሣውን በድስት ገልብጪው! ክላይቭ! አንተን ነው፣ ፒክአፑን አስነሣ!»

ኮምጣጤ እንዳይነካቸው ባልዲው ሦስት ጊዜ ታጠበ። በድስት፣ በጀሪካን፣ ከጎረቤት በመጣ የሕፃናት መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ቀዷቸው። ክላይቭ መሪ ጨበጠ፣ ዮላንዴ ከጎኑ፤ ዶክተሯና ሺሪን ከኋላ ባልዲ አቅፈው ተቀመጡ። ዘመድ በሁለት መኪና ተከተለ። ክላይቭ የግሌንከርንን ቁልቁለት በሕይወቱ ነድቶት በማያውቀው ፍጥነት ወረደው። በየመታጠፊያው ከኋላ ውሃ እየተንፏፏ አስፋልቱን አጠበው።

ቁልቁለቱ ሥር የበዓል ፍተሻ ነበር። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ትራፊክ እጁን ዘረጋ። ጁናይድ ካማልዲን ነው፤ ክላይቭ ራሱ ያሠለጠነው።

«አለቃ! እርስዎ ነዎት?» ጁናይድ በደስታ ተጠጋና ወደ ኋላ ሲያይ ደስታው ቀዘቀዘ። ሁለት ሴቶች ተነክረው፣ ባልዲ አቅፈው ያዩታል። «ምንድን ነው የጫኑት?»

ውሸት አፉ ጫፍ ላይ ነበር። የባኞ ውሃ ነው ቢል እንኳ ሙሉ ውሸት አይሆንም። ክላይቭ ግን፣ «ስኩዊድ» አለ። «ከተጠበቀው ክልል ያለ ፈቃድ ቆርጬ ያወጣሁት። ልመልሰው እየሄድኩ ነው፤ ቶሎ በል፣ እየሞቱ ነው።»

ጁናይድ ዙሪያውን አየ። «አለቃ፣ እኔ ምንም አላየሁም። ይሂዱ።»

«ምን ማለት ነው አላየሁም? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

«ኧረ አለቃ፣ በዓል ነው!»

«ጻፍ!»

ጁናይድ የክስ ወረቀቱን አወጣና «ፍጥነት» ብሎ ጻፈ። ክላይቭ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየና ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «ፍጥነት ብቻ አይደለም። ያልታሰረ ጭነት አለ። ተሳፋሪ በጭነት ቦታ አለ። የክልሉን ጉዳይ አንተ አትከስም፤ ለሚመለከተው ታስተላልፋለህ፤ ከታች ማስታወሻ አድርግበት። እንደሱ።»

በዚያ ሳምንት ክላይቭ አፖሊስ ከለያቸው ነገሮች ሁሉ በትክክል የለየው ይህንን ብቻ ነበር።

«ፈረምክ?» አለች ዮላንዴ። «እንግዲህ ንዳ!»

ባሕሩ ዳር በበዓል ሰው ተሞልቶ ነበር። አፖሊሶች በእሑድ ልብሳቸው፣ ባልዲና ድስት ተሸክመው፣ ማግሪታ ከፊት እየመራች ወደ ውሃው ሲወርዱ፣ ሰው ጥምቀት መስሎት መንገድ ለቀቀ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክላይቭ እስከ ወገቡ ገብቶ ባልዲውን ዝቅ አድርጎ በቀስታ አዘነበለው። ቀዩ ጢስ የሚመስል ነገር በውሃው ውስጥ ተዘረጋ፤ እመር እመር አለ። ዶክተር ኖምቩዮ ከጎኑ ቆማ ትስቅ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ነገር ያማረ መሰለ።

ከዚያ ከጥልቁ በኩል የብር ብልጭታ መጣ። ትናንሽ ዓሦች ናቸው፤ አንድ መንጋ ሙሉ። የበዓል ግብዣ እንደተጠራ ዘመድ እየተጋፉ ደረሱ። ክላይቭ ያዘነበለው ሁሉ ዓይኑ እያየ መዋጥ ጀመረ። ሲጋል የሚባሉት የባሕር ወፎችም ከላይ ተጨመሩ።

«ሂዱ! ሂዱ!» ክላይቭ ውሃውን በመዳፉ ጠፈጠፈ። ዓሣ ግን የትራፊክ ምልክት አያውቅም።

«ተፈጥሮ ነው ታታ» አለች ዶክተሯ በለሰለሰ ድምፅ። «ከነዚህ ሁሉ ለወግ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በደህናውም ጊዜ እንደዚሁ ነው።»

ከኋላቸው ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰሙ። ዮላንዴ ነበረች። ባሏ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከፒክአፑ ወንበር ላይ ባሕሩን በመስኮት ስታይ የኖረች፣ ከመዋኘት ይልቅ ጥርሷን ብትነቀል የምትመርጥ ሴት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷ ድረስ ገብታለች። በአንድ እጇ የወጥ ቤት ፎጣ ይዛ ዓሦቹን በቀኝ በግራ ትገርፋለች። «እናንተ ሆዳሞች! ወዲያ! አሁን ገና ተወለዱ እኮ!» ሺሪን ገባች። ጋርትም ጫማውን ሳያወልቅ ገባና ሲጋሎቹን በድስት ክዳን አባረረ። ማግሪታ ዳር ላይ ሆና መዝሙር ጀመረች፤ ዓሦቹን ያባረረው ፎጣው ይሁን ድምፅዋ አልታወቀም። መንጋው ተበተነ። በመካከሉ ቀዩ ጢስ እየሳሳ፣ እየራቀ፣ ወደ ሰማያዊው ገባና አልታይ አለ። ስንቱ እንዳመለጠ ማንም አያውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ በየመስመሩ ሄደ። የክልሉ ኃላፊዎች ክላይቭን ጠርተው ቀጡት፤ አልተከራከረም። የእሑድ ጠላቂዎችም እሱ ራሱ ባረቀቀው ደንብ ለአንድ በጋ ከውሃ አገዱት። ዶክተር ኖምቩዮ ባኞው ወለል ላይ የሞቱትን ጥቂት ነፍሳት በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ አድርጋ ወሰደች። ጠርሙሱ ላይ የአግኚ ስም አልተጻፈም፤ ሕገ ወጥ ስለነበረ አይጻፍም። ቦታው ግን መጻፍ ነበረበት፤ የተፈለፈሉት ደግሞ ባኞ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሙዚየሙ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ፣ የጥልቅ ባሕር ስኩዊድ መገኛው «ኦሽን ቪው» ተብሎ ተቀምጧል። ጋርት ይህን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ክላይቭም ሳይወድ ሳቀ።

በማኅበሩ አሁን የሚጠየቀው ሺሪንን ነው። «እኔ እንጃ፤ ፎቶውን እንላከው» ትላለች። መልስ ለማግኘት አንዳንዴ ሳምንት ይፈጃል። መካኒኩ ያማርራል፦ «በአጎት ክላይቭ ጊዜ ሱሪያችንን ሳንታጠቅ ነበር መልስ የምናገኘው። ስህተት ይሁን እንጂ መልስ ነበር!»

ክላይቭ ደግሞ እሑድ ጠዋት ሌሎቹ ሲጠልቁ ዳር ላይ ይቀራል። ብቻውን አይደለም። ዮላንዴ ከፒክአፑ ትወርዳለች፤ ቴርሞሷን ድንጋይ ላይ ታስቀምጣለች፤ ጫማዋን ታወልቃለች። በመጀመሪያው እሑድ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፤ በቀጣዩ እስከ ጉልበቷ። ባለፈው እሑድ ማዕበሉ ወገቧን ሲመታት ጮኸች፤ ክላይቭ ግን አጎንብሶ ድንጋይ ሥር የተጣበቀ አንድ ዝልግልግ ነገር ሲመረምር አልሰማትም።

«አንተ ሰውዬ!» አለችው፤ በሁለት እጇ አየር እየጨበጠች። «እሱ የትም አይሄድም። እኔ ነኝ የምወድቀው፤ ና ያዘኝ!»

ክላይቭ ቀና አለና ሄዶ ያዛት።